ጠመንጃው የሚመርጠው ጥይት

ወረቀቱ የተዘረጋው በሁለት ማኪያቶ መካከል ነው። ቦታው ኦሎምፒያ፣ ከደምበል ሕንፃ ብዙም የማይርቅ ካፌ፤ ጊዜው ቅዳሜ ረፋድ። በረንዳው ላይ ካለው ሰው ገሚሱ ከውጭ የመጣ ዘመድ ይዞ የተቀመጠ ነው። የእኛም ጠረጴዛ ከዚያው ወገን ነበር፤ አንድ ጡረታ የወጡ ወታደርና ከአሜሪካ፣ ከቨርጂኒያ፣ ለበዓል የመጣ የእህታቸው ልጅ። ልጁ እዚያ ቅዳሜ ቅዳሜ ኢላማ ይተኩሳል። ጠመንጃው ቤቱ ተቆልፎበት ቀርቷል፤ ይዞ የመጣው የተበሳሱ ወረቀቶቹን ብቻ ነው።

ወረቀቱ ላይ ስድስት ትንንሽ ጥቁር ክቦች ታትመዋል። በእያንዳንዱ ክብ አጠገብ በእርሳስ የጥይቱ ስም፣ የማሸጊያው ቁጥር፣ የዕለቱ ሙቀት ተጽፏል። አጎትየው መነጽራቸውን አድርገው አንድ ብር ሳንቲም ከኪሳቸው አወጡና የመጀመሪያው ክብ ላይ አኖሩት። አምስቱም ቀዳዳዎች ከሳንቲሙ ሥር ጠፉ። ሳንቲሙን ወደ ቀጣዩ ክብ ገፉት፤ እዚህ ሦስቱ ቀዳዳዎች ከሳንቲሙ ውጭ ቀሩ፣ አንደኛውማ ከጥቁሩ ክብ ወጥቶ ነጩ ላይ ነው ያረፈው።

«ይኼንንም አንተ ነህ የተኮስከው?»

«እኔ ነኝ ጋሼ። ያው ጠመንጃ፣ ያው ቀን፣ ያው 50 ሜትር። የተለየው ጥይቱ ብቻ ነው።»

«በል ተወኝ። የሳተ ሁሉ በጥይት ያሳብባል።»

ሽማግሌው በንጉሡ ዘመን አሜሪካ ሠራሹን ኤም ዋን ጋራንድ አንግተው የሠለጠኑ ናቸው። ስምንት ጥይት ጎርሶ፣ ምላጩ በተሳበ ቁጥር አንዳንድ የሚተኩስ ከፊል አውቶማቲክ ነው። በእርሳቸው ጊዜ ጥይት መምረጥ ብሎ ነገር የለም፤ የተሰጠህን ትቆጥራለህ፣ ትፈርማለህ፣ ትተኩሳለህ። ከሳትክ ጥፋቱ የዓይንህ ወይም የጣትህ ነው። የእህታቸው ልጅ የያዘው ጠመንጃም ሥራው ከፊል አውቶማቲክ ነው፤ የሚጎርሰው ግን በዓለም ላይ ካሉት ትንንሽ ጥይቶች አንዷን ነው። ክርክሩ የተነሣው ከዚህች ጥይት ነው፤ እኔም ከሁለቱ አነጋገር ይልቅ ነገሩ ራሱ ስለሳበኝ ገባሁበት።

ጥይቷ 0.22 ሎንግ ራይፍል ትባላለች። ከነቀለህዋ ርዝመቷ 25 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ውፍረቷ ከ5.6 ሚሊ ሜትር እምብዛም አያልፍም። በ1887 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ከስቲቨንስ የጦር መሣሪያ ኩባንያ ወጣች፤ እስከ ዛሬም ቅርጿ አልተለወጠም ማለት ይቻላል። ክላሽም ሆነ ቤልጅግ የሚተኩሰው ጥይት ከቀለሁ ቂጥ መካከል ላይ ለብቻዋ የተሰካች ለኳሽ አለችው፤ መርፌው እሷን ሲመታ ባሩዱ ይቀጣጠላል። ሃያ ሁለቷ እንዲህ ያለ ነገር የላትም። ለኳሹ ኬሚካል እርጥብ እንዳለ ቀለሁ ውስጥ ይጨመርና ቀለሁ በፍጥነት ሲሽከረከር ተወርውሮ ወደ ባዶው ጠርዝ ይገባል። መርፌው የሚመታው ጠርዙን ነው። ኬሚካሉ ጠርዙን ዙሪያውን እኩል ካልሞላው፣ መርፌው ያረፈበት ቦታ ዛሬ ወፍራም ነገ ስስ ይሆናል፤ ባሩዱም አንዴ ፈጠን አንዴ ዘግየት ብሎ ይነሣል።

ሌላም ነገር አለ። የትልቁን ጥይት ቀለህ የሚያውቅበት ሰው ሰብስቦ፣ አዲስ ለኳሽ ሰክቶ፣ ባሩዱን በሚዛን ለክቶ ለጠመንጃው የሚስማማውን በእጁ ይሠራል። የሃያ ሁለቷ ጠርዝ አንዴ ከተመታ ተጨፍልቋል፤ ቀለሁ መጣል ብቻ ነው ዕጣው። ስለዚህ ተኳሹ ጥይቷን ሊያሻሽላት አይችልም። የሚችለው ከተሠሩት መካከል መምረጥ ነው።

ጥይትን ከጠመንጃ ማጋጠም ለእኛ አገር አዲስ ጭንቀት አይደለም። አድዋ የዘመተው ሠራዊት የያዘው የአንድ ፋብሪካ መሣሪያ አልነበረም፤ ውጅግራውም፣ ሬሚንግተኑም፣ ጣሊያን ሠራሹ ቬተርሊም አንድ ሰልፍ ውስጥ ነበሩ። የአንዱ ጥይት ለሌላው አይጎርስም። ባለጠመንጃው ዝናሩን የሚሞላው የእርሱን ዓይነት ጥይት ከያዘ ሰው ወይም ነጋዴ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ የውጅግራ ጥይት ከአሞሌ ጨው ጎን ለጎን በገበያ እንደ ዝርዝር ገንዘብ ያገለግል የነበረውም ጥይት ምን ያህል የሚፈለግ ዕቃ እንደነበር ያሳያል። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ድሉ ተገኘ፤ ከወር ብዙም ሳያልፍ አቴና ላይ የመጀመሪያው ዘመናዊ ኦሎምፒክ ተከፈተና ኢላማ ተኩስ ከስፖርቶቹ አንዱ ሆነ። ዛሬ በኦሎምፒክ የ50 ሜትር ጠመንጃ ውድድር የሚተኮሰው በዚህችው በሃያ ሁለቷ ነው። ዐሥር ነጥብ የሚያሰጠው መካከለኛው ክብ ወርዱ 10.4 ሚሊ ሜትር ነው።

ይህን ቁጥር ይዘን ወደ ፍጥነት እንሂድ፤ ከጥይት ምርጫ ውስጥ ብዙው ጉዳይ ያለው እዚያ ነው።

የሃያ ሁለቷ አረር ብዙውን ጊዜ 40 ግሬን ትመዝናለች፤ ሁለት ተኩል ግራም ከምናምን። በፍጥነቷ ግን ሦስት ወገን ናት። «ስታንዳርድ» የምትባለው ከአፈሙዝ ስትወጣ በሰከንድ 325 ሜትር ያህል ትሄዳለች። «ሃይ ቬሎሲቲ» የተባለችው 380 ሜትር ገደማ። ከዚያም አረሯ ቀለል ተደርጎ ወደ 500 ሜትር የምትጠጋ አለች። ገዢ ሁሉ መጀመሪያ ላይ ፈጣኗን ያነሣል፤ ፈጣን ከሆነች ቀጥ ብላ ትሄዳለች ብሎ። የሚሆነው ግን ሌላ ነው።

ድምፅ በሞቃት ቀን በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል። በ380 የወጣችው አረር ከድምፅ ቀድማ ትነሣለች፤ ግን ትንሽ፣ ቀላልና ድቡልቡል አፍንጫ ያላት ስለሆነች አየሩ ቶሎ ያደክማታል፤ 50 ሜትር ሳትደርስ ወይም እዚያው አካባቢ ፍጥነቷ ከድምፅ በታች ይወርዳል። ያንን ወሰን በምታልፍበት ጊዜ ዙሪያዋን ያለው የአየር ግፊት ይረበሻል፤ በመጠኑ የተዛነፈች አረር ከሆነች ደግሞ መዛነፏ ይብሳል። በ325 የወጣችው ከመጀመሪያውም ከወሰኑ በታች ስለሆነች ይህ ፈተና አይገጥማትም። ለውድድር የሚሠሩት ውድ ጥይቶች፣ የእንግሊዙ ኤሊም ሆነ የፊንላንዱ ላፑዋ፣ ሁሉም ማለት ይቻላል በዚህ በዝግታው ወገን የሚገኙት ለዚህ ነው።

ነፋስም አለ። ሽማግሌው ይህን ሲሰሙ ጭራሽ አላመኑም፤ የጎን ነፋስ ፈጣኗን ሃያ ሁለት ከዝግተኛዋ ይልቅ አብልጦ ይገፋታል። አረርን ነፋስ የሚወስዳት በአየር ላይ በቆየችበት ጊዜ ልክ አይደለም፤ አየሩ ባይኖር ኖሮ ትደርስ ከነበረበት ጊዜ ምን ያህል ዘገየች በሚለው ልክ ነው። ከድምፅ በላይ የተነሣችው መጀመሪያ ላይ ፍጥነቷን በብዛት ስለምታጣ የምትዘገየው እሷ ናት።

«እንዲያ ከሆነ ዝግተኛዋን ገዝቶ መገላገል ነዋ» አሉ ሽማግሌው።

«በመቀርቀሪያ በሚጎርስ ጠመንጃ ቢሆን አዎ። የእኔ ግን ራሱ ነው የሚያጎርሰው።»

የሃያ ሁለት ከፊል አውቶማቲክ አሠራር ቀላል ነው። ጋዝ የሚወስድ ቱቦ የለውም፤ መዝጊያው በጥርስ አልተቆለፈም። መዝጊያውን ከኋላ ይዞት ያለው የራሱ ክብደትና አንድ ሞላ ነው። ባሩዱ ሲነድ አረሯን ወደፊት የገፋው ግፊት ቀለሁን ወደኋላ ይገፋል፤ ቀለሁ መዝጊያውን፤ መዝጊያው ሞላውን ጨምቆ ቀለሁን ያስወጣና ሲመለስ አዲስ ጥይት ከካዝናው ይዞ ይገባል። ግፊቱ ካነሰ መዝጊያው መንገዱን አይጨርስም። ቀለሁ መውጫው ላይ ተቀርቅሮ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ወይም መዝጊያው ባዶውን ይዘጋል። አንዳንድ ከፊል አውቶማቲክ ዝግተኛዋን ጥይት ደስ ብሎት ይሠራባታል፤ አንዳንዱ በየዐሥሩ አንዴ ያንቃል፤ አዲስ ጠመንጃ ደግሞ ሞላው እስኪለማመድ ጥቂት መቶ ፈጣን ጥይት ይፈልግ ይሆናል። ስለዚህ ምርጫው በሁለት ወንፊት ይነፋል። አንደኛው ያለ ማነቅ መሥራቷ ነው፤ ሁለተኛው አንድ ቦታ መሰብሰቧ። ብዙ ሰው ሁለተኛውን ብቻ ይዞ ይነሣና ውድ ጥይት ገዝቶ ከጠመንጃው ጋር ሲታገል ይውላል።

አረሯ ልሙጥ እርሳስ መሆኗም ለከፊል አውቶማቲክ ጣጣ አለው። መዝጊያው ጥይቷን ከካዝናው ገፍቶ ወደ መጉረሻው ሲወረውራት አፍንጫዋ ከብረት ጋር ትላተማለች። ልጁ አንዴ ያደረገውን ነገረን። አንዷን ጥይት አጉርሶ ሳይተኩስ መልሶ አወጣትና በአጉሊ መነጽር አያት። አፍንጫዋ ላይ በጥፍር የተጫረች የምትመስል መስመር፣ ጎኗ ላይ ደግሞ ቅባቷ የተላጠበት ንጣት ነበር። ይኸው ጭረት ሁልጊዜ አንድ ቦታና አንድ መጠን ከሆነ ብዙም አይጎዳም። ጉዳቱ አንዴ ጥልቅ አንዴ ስስ ሲሆን ነው፤ ያኔ ካዝና መቀየር ወይም የካዝናውን ከንፈር ማየት ይገባል። ሁለት ካዝና ያለው ሰው አንደኛዋ ከሌላዋ ስትሻል አስተውሎ ሊሆን ይችላል።

የመጉረሻው ስፋትም እንዲሁ ሁለት ፊት አለው። ለተራ አገልግሎት የተሠራ ጠመንጃ የቆሸሸውንም ርካሹንም ጥይት እንዲጎርስ ተብሎ ሰፋ ይደረጋል፤ ጥይቷ ውስጡ ትንሽ ትንቀዋለላለች። የውድድር ጠመንጃ ጠባብ ነው፤ አረሯ ከተጎረሰች ጀምሮ ከቧንቧው ጠመዝማዛ መስመሮች ጋር ትነካካለች፤ ስለዚህ ስትነሣ መሀል ለመሀል ናት። ግን በጠባቡ መጉረሻ ያልተተኮሰች ጥይት መልሰህ ላውጣ ስትል ቀለሁ ብቻውን ወጥቶ አረሯ እዚያው ልትቀር፣ ባሩዱም መሣሪያው ውስጥ ሊፈስ ይችላል። ለከፊል አውቶማቲክ ተብሎ በሁለቱ መካከል የተቀመጠ ልክ አለ፤ ቤንትዝ ይሉታል። የተሻለ ቧንቧ የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያዝዘው እሱን ነው።

አሁን ወደ ወረቀቱ እንመለስ። ልጁ ስድስት ዓይነት ጥይት ገዝቶ ነበር፤ ከእያንዳንዱ አንድ ባለ 50 ፓኮ። ጠመንጃውን ከፊት በአሸዋ ከረጢት ላይ፣ ሰደፉን ከኋላ በትንሽ ከረጢት ላይ ያስደግፋል። አንዱን ዓይነት ከመመዘኑ በፊት ዐሥር አሥራ አምስት ጥይት ለወረቀቱ ሳይሆን ለቧንቧው ይተኩሳል። እያንዳንዱ ፋብሪካ አረሩን የሚቀባው የራሱን ሰም ነው፤ የበፊቱ ሰም ከቧንቧው ተጠርጎ የአዲሱ እስኪለብስ ድረስ ቀዳዳዎቹ ይቅበዘበዛሉ። ይህን የማያውቅ ሰው ጥይት ቀይሮ ወዲያው አምስት ይተኩስና «ይቺ አትረባም» ብሎ ይጥላታል። በእውነቱ የተኮሰው የሁለቱን ድብልቅ ነው።

ከዚያ በኋላ አምስት አምስት እያደረገ በአምስት ክብ ላይ ይተኩሳል። አንድ አምስት ጥይት ብቻ ተኩሶ መፍረድ ራስን ማታለል ነው፤ መጥፎ ጥይትም አንዳንዴ አምስቱን አንድ ላይ ትሰበስባለች። የሚለካው ከራቀው ቀዳዳ መሀል እስከ ሌላኛው የራቀ ቀዳዳ መሀል ነው፤ ከዚያ የአምስቱ አማካይ ይወሰዳል። እዚህ ላይ የልጁን ትዕግሥት አደነቅሁ፤ የተሳሳተችውን አንዲት ጥይት «ይቺን እኔ ነኝ ያንቀጠቀጥኳት» ብሎ ከቁጥር አላወጣትም። ለቀዳዳ ምክንያት መስጠት ከተጀመረ ሁሉም ቀዳዳ ምክንያት ያገኛል።

ቁመትና ወርድም ለየብቻ ይናገራሉ። ቀዳዳዎቹ ላይና ታች ከተዘረጉ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የጥይቶቹ ፍጥነት አለመመሳሰል ነው። ስሌቱን እዚያው በናፕኪን ላይ ሠራነው። ሁለት ጥይቶች በሰከንድ 10 ሜትር ቢለያዩ፣ 50 ሜትር ላይ ዝግተኛዋ ከፈጣኗ ከ7 ሚሊ ሜትር በላይ ዝቅ ብላ ትመታለች፤ 100 ሜትር ላይ ልዩነቱ 3 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። የኦሎምፒኩ ዐሥር ነጥብ 10.4 ሚሊ ሜትር መሆኑን ላስታወሰ ሰው፣ ተኳሹ ገና አንድም ጥፋት ሳያጠፋ ጥይቱ ብቻውን አብዛኛውን ቦታ በላበት ማለት ነው። ቀዳዳዎቹ ወደ ጎን ከተዘረጉ ግን ነፋሱን ወይም ምላጭ የሚስበውን ጣት ጠርጥር።

ሽማግሌው እዚህ ላይ ሳንቲማቸውን ወደ ኪሳቸው መለሱ። «እሺ፣ የዚችን ጥሩዋን ስም ንገረኝና ልጻፈው።»

ስሙን መጻፍ ግን ብዙ አይጠቅምም። አንድ ስም ያለው ጥይት ከአንድ ማሸጊያ ቁጥር ወደ ሌላ ይለያያል። ያቺው እመቤት፣ ያው ጤፍ፣ ያው ምጣድ ሆኖ የዚህ ሳምንት ሊጥ ካለፈው ሳምንት ሊጥ እንደሚለይ መሆኑ ነው። ባሩዱ ከሌላ ጆንያ መጥቷል፣ የለኳሹ እርጥበት ተለውጧል፣ አረር የሚቀርጸው መሣሪያ ትንሽ በልቷል። ለዚህ ነው ተወዳዳሪዎች ጠመንጃቸውን ይዘው እስከ ፋብሪካው የሙከራ ቦታ የሚሄዱት፤ ኤሊም ላፑዋም ይህን አገልግሎት ይሰጣሉ። ጠመንጃው በማያንቀሳቅስ መያዣ ይታሠርና የተለያየ ቁጥር ያለው ጥይት ይተኮስበታል፤ ጠመንጃው የወደደውን ቁጥር በብዛት ይገዛሉ። ጎን ለጎን የቆሙ የአንድ ፋብሪካ፣ የአንድ ሞዴል ሁለት ጠመንጃዎች የተለያየ ቁጥር ሊመርጡ ይችላሉ። ለቅዳሜ ተኳሽ ይህን ያህል አያስፈልገውም፤ ጥሩ የሆነችውን ቁጥር አንዴ ካወቀ ግን ሱቁ ሳይጨርሳት ቢያንስ ባለ 500ውን ጥቅል ቢገዛ ብልህ ነው።

ጥይቶችን በጠርዛቸው ውፍረት እየለኩ የሚለዩ ሰዎች አሉ፤ ለዚያ የሚሸጥ መለኪያም አለ። እኔ ይህን የክረምት ማሳለፊያ ነው የምለው። ርካሽ ጥይትን ለይቶ ደህና ለማድረግ ከሚጠፋው ሰዓት ትንሽ ጨምሮ ደህናውን መግዛት ይሻላል።

ጥይቱ ከተመረጠ በኋላ ከጠመንጃው ሊገኝ የሚችል ነገር አለ፤ እዚህ ግን ፈረንጆቹ ብዙ ገንዘብ ያባክናሉ። የልጁ ጠመንጃ ሩገር 10/22 ነው፤ ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እስከ ዛሬ የሚመረት፣ ዐሥር ጥይት የሚይዝ ክብ ካዝና ያለው፣ የሚለዋወጥ ዕቃው ገበያ የሞላ መሣሪያ። ቧንቧው ከአካሉ ጋር የተያያዘው በሁለት ብሎንና በአንዲት ትንሽ ብረት ነው። ብሎኖቹ ሲላሉ ቀዳዳዎቹ ያለ ምክንያት ሁለት ቦታ መሰብሰብ ይጀምራሉ፤ ሰውየው ደግሞ ጥይት እየቀየረ ይደክማል። አካሉን ከእንጨቱ ጋር የሚያሥረው ብሎንም እንዲሁ፤ የጠበቀበት ኃይል ሲለያይ ጠመንጃውም የተለያየ ይተኩሳል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ጥሩ መፍቻና አንድ ቁጥር ጽፎ እሱኑ መጠበቅ ነው።

ከሁሉ በላይ ለውጥ የሚያመጣው ምላጩ ነው። ከፋብሪካ የሚወጣው ምላጭ ለመሳብ ከሁለት ኪሎ ተኩል እስከ ሦስት ኪሎ ጉልበት ሊፈልግ ይችላል። ጠመንጃው ራሱ ሲመዘን ሁለት ኪሎ ተኩል አይሞላም። ከራሱ ክብደት የበለጠ እየሳቡት ጠመንጃው እንዳይነቃነቅ መጠበቅ ከባድ ነው። ወደ አንድ ኪሎ ከሩብ የሚወርድ ምላጭ ተዘጋጅቶ ይሸጣል፤ ልጁ የቀየረው ነገር ቢኖር እሱን ብቻ ነው። ማነጣጠሪያ አጉሊ መነጽርም ለሃያ ሁለት የተሠራው ይሻላል። ለትልቅ ጠመንጃ የተሠራው ለ100 ሜትር ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ላለ ዕይታ የተስተካከለ በመሆኑ፣ 50 ሜትር ላይ ዓይን ትንሽ በተንቀሳቀሰ ቁጥር መስቀሉም ኢላማው ላይ አብሮ ይንሸራተታል።

ጽዳትን በተመለከተ ወታደርና ሃያ ሁለት አይስማሙም። ለሽማግሌው ከተኩስ በኋላ ቧንቧውን እስኪያብረቀርቅ መወልወል ሃይማኖታቸው ነው። ለእርሳስና ለሰም ግን ቧንቧውን ቶሎ ቶሎ ማበስ የተስተካከለውን ልባስ ማጥፋት ነው፤ ከዚያ እንደገና ዐሥር አሥራ አምስት ጥይት ይጠይቃል። ቶሎ የሚቆሽሸው መጉረሻውና መዝጊያው ነው፤ ጥቀርሻውም ሰሙም የሚመለሰው ወደዚያ ነው፤ ማነቁም የሚጀምረው እዚያ ነው። በተጨማሪም የዚህ ዓይነቱ ጠመንጃ አካል ከኋላው ዝግ ስለሆነ ዘንግ የሚገባው በአፈሙዝ በኩል ነው፤ ብረቱ የአፈሙዙን ጫፍ እየፋቀ ያበላሸዋል። የአፈሙዝ ጫፍ አረሯ የምትሰናበትበት የመጨረሻው ቦታ በመሆኑ እዚያ ያለች ትንሽ ጉድፍ ሁሉንም ታዛባለች። በገመድ ጎትቶ የሚያጸዳው ጨርቅ ይመረጣል።

ሽማግሌው እስከዚህ ድረስ በትዕግሥት ሰሙ። ከዚያ ተራው የእሳቸው ሆነ።

«ልጄ፣ ይኼ ሁሉ በከረጢት ላይ ነው። ከረጢቱን ባነሣብህስ?»

ልጁ ሳቀ። ከረጢቱ ሲነሣ አንድ ብር ሳንቲም አይበቃውም፤ ስኒ ማስቀመጫው ይሻላል። ሽማግሌው ወንበራቸውን ወደኋላ ገፍተው ግራ ክርናቸውን ከጎድናቸው ጋር አጣበቁ፣ በሌለ ሰደፍ ላይ ጉንጫቸውን አሳረፉ። ጉንጭ ሁልጊዜ አንድ ቦታ። ትንፋሽ ግማሹን አውጥቶ ያዝ። ጣት በጫፉ ሥጋ፣ በአንጓው አይደለም። ምላጩ መቼ እንደሚለቅ አንተም አትወቀው። ከተኮስክም በኋላ ቶሎ ቀና አትበል፤ አረሯ ቧንቧውን ሳትጨርስ ራስህን ታነሣለህ። ይህ የመጨረሻው ለሃያ ሁለት ከምንም በላይ ይሠራል፤ ዝግተኛ ስለሆነች ቧንቧው ውስጥ የምትቆየው ከትልቁ ጥይት ይበልጥ ነው።

ጥይት ሳያባክኑ የሚሠሩበትንም ነገሩን። ባዶ ጠመንጃ፣ ሁለት ጊዜ የተፈተሸ፤ በአፈሙዙ ጀርባ ላይ አንዲት ሳንቲም ይቀመጣል፤ ምላጩ ሲሳብ ሳንቲሟ ካልወደቀች ጣትህ ጨዋ ነው። ለብዙ ሃያ ሁለቶች ግን በባዶው መተኮስ አይመከርም፤ መርፌው የሚመታው ጠርዝ ስለሌለ የመጉረሻውን አፍ ሊጎዳ ይችላል። የፕላስቲክ አስመሳይ ጥይት ማጉረስ ይገባል። ለእንዲህ ዓይነቱ ጸጥ ያለ ልምምድ የራሳችን ሰው አለን፤ አበበ ቢቂላ በመኪና አደጋ እግሮቹ አልታዘዝ ካሉት በኋላ እንኳ ከውድድር አልራቀም፤ በ1970 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ፣ ስቶክ ማንድቪል ላይ በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ በቀስት ውርወራ ተወዳድሯል። የማራቶን ሰው ዒላማ ላይ መቀመጡ ለእኔ ብዙም አያስደንቅም፤ ሁለቱም ትንፋሽ ማወቅ ነው።

«ይኼን እዚህ አምጥተህ ብትተኩሰውስ?» አሉ ሽማግሌው በመጨረሻ። ልጁም ሳያስብበት የቀረ ጥያቄ አልነበረም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነች፤ አየሯ ከቨርጂኒያው ቆላ በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። የሳሳ አየር አረርን ያን ያህል አያደክማትም። ፈጣኗ ጥይት ከድምፅ በታች የምትወርድበት ቦታ ጥቂት ሜትሮች ይርቃል፣ ነፋስም ትንሽ ይታገሣል። የድምፅ ፍጥነት ግን የሚለወጠው በከፍታ ሳይሆን በሙቀት ስለሆነ ወሰኑ ራሱ ብዙም አይነቃነቅም። 50 ሜትር ላይ ጠቅላላው ለውጥ በሚሊ ሜትር የሚቆጠር ነው፤ ማነጣጠሪያውን በአንድ ሁለት ንካታ ማስተካከል ይበቃል።

ከአየሩ ይልቅ የሚከብደው ሌላው ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ያለ ፈቃድ መሣሪያም ጥይትም ወደ አገር ማስገባትን፣ መያዝንና መሸጥን ይከለክላል፤ «ትንሽ ናት» ተብላ ሃያ ሁለቷ ከዚህ አትወጣም። በቦሌ አየር ማረፊያ በኪስ የተረሳች አንዲት ጥይት እንኳ ጣጣ ታመጣለች። ለአደን ነው ቢባል ፈቃዱ የሚጠየቀው ከኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ነው፤ በአርሲና በባሌ ለሚታደነው የደጋ አጋዘን ደግሞ ይቺ ጥይት አቅሟ አይደለም፤ አቁስላ መልቀቅ ነው የምትችለው።

ትንሽነቷም አያታልል። ወደ ላይ አዘንብለው ከለቀቋት እስከ ሁለት ኪሎ ሜትር ልትሄድ ትችላለች። ከተቀመጥንበት ኦሎምፒያ ብትነሣ መስቀል አደባባይን አልፋ ትወድቃለች ማለት ነው። በሰርግና በለቅሶ ወደ ሰማይ መተኮስን ያሳደገን ባህል ስለ ኢላማ ብዙ ያውቃል፤ የሳተችው ጥይት የት እንደምታርፍ ግን የጠየቀ ጥቂት ነው። ልጁ ቨርጂኒያ ላይ የሚተኩሰው ከወረቀቱ ጀርባ ጥይት የሚውጥ ግድግዳ ባለበት፣ መነጽርና የጆሮ መሸፈኛ አድርጎ ነው፤ ሲጨርስ ቡና ከመያዙ በፊት የእርሳስ ብናኙን ከእጁ በሳሙና ያጥባል። እዚህ ለመሞከር ቢያስብ መጀመሪያ ፈቃዱ፣ ቀጥሎ እንዲያ ያለ ግድግዳ፣ ከዚያም ጠመንጃው የሚወደው ቁጥር ያለው ጥይት ያስፈልገዋል። ሌላ ቁጥር ከሆነ ደግሞ እንደገና ቧንቧውን ማልበስ፣ እንደገና አምስት አምስት እያሉ መለካት ነው።